ያልተጻፈው ሕግና የስታርክቪል ኳስ ተጫዋቾች

(በሬዲዮ ከተነገረው)



በዛሬው ንግግራችን የምናወሳው በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርስቲ የወንዶች የቅርጫት ኳስ ቡድን በ1955 ዓ. ም. ያሳለፈውን የውድድር ወራት ነው። ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1962 መጨረሻ እስከ 1963 መጋቢት ያለው ጊዜ መሆኑ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሰው ቀን ሁሉ ግን በእኛው አቈጣጠር ነው። ቡድኑ በዚያ ዓመት ሃያ ሁለት ጊዜ አሸንፎ ስድስት ጊዜ ተሸንፏል። ቁጥሩ መልካም ነው እንጂ በራሱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ይኸው ቡድን ከሃያ አምስት ጨዋታ የተሸነፈው በአንዱ ብቻ ነበርና። ነገር ግን የ1954ቱ ቡድን ለሀገሪቱ ዋንጫ ለመወዳደር ከቤቱ አልወጣም። የ1955ቱ ወጣ፤ ለመውጣትም እንደ ወንጀለኛ ተሸሽጎ መሄድ ነበረበት።

ጨዋታውን ለማያዘወትሩ አድማጮቻችን ደንቡን በአጭሩ እንግለጽ። የቅርጫት ኳስ በሁለት ወገን አምስት አምስት ሰዎች ተሰልፈው የሚጫወቱት ነው። በዩኒቨርስቲዎች ዘንድ ጨዋታው ሃያ ሃያ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው፤ አምስት ጥፋት የተቈጠረበት ተጫዋች ከሜዳ ይወጣል። ኳስ የያዘ ቡድን በተወሰነ ሰኮንድ ውስጥ ወደ ቀለበቱ መወርወር አለበት የሚለው ደንብ በዚያ ጊዜ ለአሜሪካ ዩኒቨርስቲዎች ገና አልወጣም ነበር። ስለዚህ የመራ ቡድን ቢፈልግ ኳሱን እየተቀባበለ ሰዓቱን ይገፋ ነበር። ይህን ነገር ልብ ይሏል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዩኒቨርስቲዎቹ በየአካባቢያቸው በማኅበር ተከፍለው ክረምታቸውን እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ። በዚያ ዘመን የማኅበሩ አንደኛ የሆነው ቡድን በመጋቢት ወር ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር ይጠራ ነበር፤ በዚያም አንድ ጊዜ የተሸነፈ ዋንጫውን ተስፋ ያጣል። በ1955 ለዚህ የተጠሩት ሃያ አምስት ቡድኖች ነበሩ። ሚሲሲፒ ስቴት የደቡብ ምሥራቁ ማኅበር አባል ነበረ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ ግዛት ነጭና ጥቁር በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም፥ በአንድ ጠረጴዛ አይመገብም፤ ጥቁሩ ዜጋ ድምፁን እንዳይሰጥ በልዩ ልዩ መንገድ ይከለከል ነበር። ለዚህ ሁሉ የተጻፈ ሕግና የተጻፈ ደንብ አልጠፋም። ነጭ ተማሪዎች ከጥቁር ተማሪዎች ጋር ኳስ እንዳይጫወቱ የሚከለክለው ግን በየትም መዝገብ አልተጻፈም ነበር። አመጣጡ እንደዚህ ነው። በ1948 ዓ. ም. መጀመሪያ ጆንስ ካውንቲ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ በአሜሪካኖች እግር ኳስ አሸናፊ ሆኖ፥ በካሊፎርኒያ ፓሳዴና ከተማ ጥቁር ተጫዋቾች ካሉት ከኮምፕተን ኮሌጅ ጋር ተጋጠመ። ከዚህ በኋላ አንዳንድ የግዛቱ ምክር ቤት አባሎች እንዲህ ያለውን ግጥሚያ ለሚፈቅድ ትምህርት ቤት በጀት አንሰጥም ብለው አስፈራሩ። ሕግ ማውጣት አላስፈለጋቸውም። የኮሌጆቹ ሹማምንት ነገሩ ገባቸው፤ ያን ጊዜም ያልተጻፈው ሕግ ጸና።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ የተጻፈ ትእዛዝ ቁጥር፥ ቀንና ፊርማ አለው፤ ስሕተት ቢገኝበት ፈራሚው ይጠየቅበታል፤ የበላይ ባለ ሥልጣን ይሽረዋል። ያልተጻፈ ትእዛዝ ግን ከማን እንደ መጣ አይታወቅም። ከማን እንደ መጣ ካልታወቀ ደግሞ ይሻርልን ተብሎ አቤቱታ የሚቀርብለት ሰው አይገኝም። የሚሲሲፒው ያልተጻፈ ሕግ ብርታቱ በዚህ ነበር።

ይህ ሕግ በስታርክቪል ከተማ በሚገኘው በሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርስቲ ላይ የሠራውን እንመልከት። በ1949 ዓ. ም. ታኅሣሥ ቡድኑ በኢንዲያና ግዛት በኤቫንስቪል ለውድድር ሄዶ ሳለ ጥቁር ተጫዋቾች ካሉበት ቡድን ጋር መጫወቱ ስለ ተሰማ፥ ውድድሩን ሳይፈጽም ወደ ቤቱ እንዲመለስ ተደረገ። በ1951 ቤይሊ ሃዌል የተባለው ስመ ጥር ተጫዋች በነበረበት ጊዜ ሃያ አራት አሸንፎ አንድ ብቻ ተሸንፎ የማኅበሩ አንደኛ ሆነ፤ ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር ግን አልሄደም። በ1953 አንደኛ ሆነ፤ አልሄደም። በ1954 እንደ ገና ሃያ አራት አሸንፎ አንድ ተሸነፈ፤ አሁንም አልሄደም። ሦስቱንም ጊዜ በፈንታው የሄደው የኬንታኪ ዩኒቨርስቲ ነበር።

አንድ ተማሪ በዋናው ቡድን የሚጫወተው በዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች አይፈቀድላቸውም ነበርና። በ1955 የቡድኑ አለቃ ጆ ዳን ጎልድ፥ እንዲሁም ሊላንድ ሚቸልና ስትራውድ የተባሉት ዋነኞች ተጫዋቾች የመጨረሻ ዓመታቸው ነበር። ሁለት ጊዜ አሸንፈው ሁለት ጊዜ ቤታቸው ቀርተዋል። በሦስተኛው ዓመት እንደ ገና የማኅበሩ አንደኛ ሆኑ። እነዚህ ወጣቶች የዘር ልዩነትን ለማፍረስ የተነሡ አርበኞች አልነበሩም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ውሸት ይሆናል። የፈለጉት ያሸነፉትን ነገር መቀበል ነበር።

አሠልጣኛቸው ሚስተር ቤብ ማካርቲ ቡድኑ እንዲሄድ ፍላጎታቸውን አልሸሸጉም። ተማሪዎችም ፊርማ አሰባስበው አቤት አሉ። መወሰኑ ግን የአሠልጣኝ ሥልጣን አይደለም፤ የዩኒቨርስቲው ፕሬዚዳንት የዶክተር ኮልቫርድ ነበር። ዶክተር ኮልቫርድ የሰሜን ካሮላይና ተወላጅ፥ በእርሻ ትምህርት የሠለጠኑ ሰው ሲሆኑ ወደ ሚሲሲፒ የመጡት በ1952 ዓ. ም. ነው። ጊዜው ለእርሳቸው የሚመች አልነበረም። በዚያው ዓመት መስከረም 20 ቀን ሌሊት፥ ጄምስ ሜሬዲት የተባለው ጥቁር ተማሪ በኦክስፎርድ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ሌላው የግዛቱ ዩኒቨርስቲ በመግባቱ ሁከት ተነሥቶ ሁለት ሰዎች ሞተዋል፤ ጸጥታውንም ያስከበረው የፌዴራሉ መንግሥት ጦር ነበር። አገረ ገዥው ሮስ ባርኔት የሜሬዲትን መግባት በግልጽ የተቃወሙ ሰው ናቸው። ይህ ከሆነ ገና አምስት ወር ነው።

የካቲት 23 ቀን 1955 ዓ. ም. ዶክተር ኮልቫርድ ውሳኔያቸውን አስታወቁ። የውሳኔው ቃል ሲጠቃለል፥ ሥልጣን ያለው አካል ካላገደኝ በቀር ቡድኑን ወደ ውድድሩ እልካለሁ የሚል ነበር። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አልተናገሩም፤ ያልተጻፈውን ሕግ አልዘለፉም። ይህን አንዳንድ ሰዎች ድፍረት የጐደለው ንግግር ይሉት ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን የቃሉ ኀይል በዚህ ቁጥብነቱ ላይ ነው። ዶክተር ኮልቫርድ ተቃዋሚዎቻቸውን ያሉት፥ የምትከለክሉ ከሆነ ሥልጣናችሁን አሳዩኝ፥ ጻፉልኝ፥ ፈርሙልኝ ማለት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ በሹክሹክታ የኖረው ነገር ወደ ወረቀት እንዲወጣ ተገደደ።

ወረቀቱም መጣ። ደብዳቤና ቴሌግራም ከሁለቱም ወገን ጐረፈ። ጃክሰን ዴይሊ ኒውስ የተባለው የዋና ከተማው ጋዜጣ፥ ቡድኑ የሚጋጠመው የሎዮላ ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ አትሞ አወጣ፤ ከአምስቱ አራቱ ጥቁሮች መሆናቸውን ሕዝቡ አይቶ እንዲቈጣ ነው። አገረ ገዥውም የጉዞውን ሐሳብ እንደማይደግፉ ተናገሩ። ይሁን እንጂ ዩኒቨርስቲውን የሚያዝዘው የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ባለ አደራ ቦርድ ነበርና ነገሩ ወደ ቦርዱ ተላለፈ። ቦርዱ የካቲት 30 ቀን ተሰብስቦ ጉዞው እንዲከለከል የቀረበውን ሐሳብ 8 ለ 3 በሆነ ድምፅ ጣለው፤ በፕሬዚዳንቱ ላይ ያለውንም እምነት 9 ለ 2 በሆነ ድምፅ አረጋገጠ። ስለ ኳስ ተብሎ የተሰጠ ድምፅ ቢመስልም፥ በኦክስፎርድ ደም ከፈሰሰ ከአምስት ወር በኋላ በሚሲሲፒ ግዛት በሹማምንት ስብሰባ ላይ የተሰጠ ድምፅ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ተቃዋሚዎቹ ግን አንድ በር ቀርቷቸው ነበር፤ እርሱም ፍርድ ቤት ነው። ጨዋታው መጋቢት 6 ቀን ዓርብ ማታ ሊሆን፥ መጋቢት 4 ቀን አንድ የግዛቱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልና አንድ የቀድሞ አባል ለዳኛ አመልክተው ቡድኑ ከግዛቱ እንዳይወጣ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ አወጡ። የእግድ ትእዛዝ ደግሞ ለሚታገደው ሰው በእጁ ካልደረሰው በቀር አያስረውም። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ሆነ፤ ወረቀቱን የያዘው የጸጥታ ሹም ስታርክቪል ሲደርስ የሚቀበለው ሰው ያገኛል ወይስ አያገኝም?

አላገኘም። ዶክተር ኮልቫርድ የንግግር ቀጠሮ ነበራቸውና ወደ ጎረቤት ግዛት ወደ አላባማ ሄደዋል። አሠልጣኙ ማካርቲና የስፖርት ክፍሉ ዲሬክተር በዚያው ሌሊት በመኪና ወደ ቴኔሲ ግዛት ወደ ሜምፊስ ተሻግረው፥ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ ናሽቪል አለፉ። የቀሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። በማግሥቱ ጠዋት ወጌሻው ተጠባባቂዎቹን ይዞ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንዲሄድ ተደረገ። የእግዱ ወረቀት በዚያ የሚጠብቃቸው ቢሆን የሚያዙት ተጠባባቂዎቹ ይሆናሉ፤ ዋነኞቹም በሌላ አውሮፕላን የሚወጡበት ዘዴ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ማንም የሚጠብቅ ሰው አልተገኘም። ዋነኞቹም ከየተቀመጡበት ተጠርተው መጡና ተሳፈሩ፤ ናሽቪል ላይ አሠልጣኛቸውን አግኝተው ወደ ሰሜን፥ ወደ ሚቺጋን ግዛት ወደ ኢስት ላንሲንግ በረሩ። በዚያው ዕለት የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ እግዱን አነሡት። ስለዚህ ሽሽቱ ኋላ ሲታይ ያላስፈለገ ይመስላል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለነበሩት ወጣቶች ግን ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

አሁን ደግሞ ስለ ተጋጣሚው ጥቂት እንናገር። ሎዮላ በቺካጎ የሚገኝ፥ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ካህናት ያቋቋሙት ዩኒቨርስቲ ነው። አሠልጣኙ ሚስተር ጆርጅ አየርላንድ በዚያ ዘመን የነበረውን የዝምታ ልማድ አልተቀበሉም። ልማዱ ጥቁር ተጫዋች ያለው ቡድን እንኳ ቢሆን ከሁለት ወይም ከሦስት የበለጡትን ባንድ ጊዜ እንዳያሰልፍ ነበር፤ ይህም ሌላ ያልተጻፈ ሕግ መሆኑ ነው፤ የሰሜኑም ክፍል ከዚህ ንጹሕ አልነበረም። አየርላንድ ግን አራት ያሰልፉ ነበር፤ እነርሱም ከኒውዮርክ የመጡት ጄሪ ሃርክነስና ሮን ሚለር፥ ከናሽቪል የመጡት ሌስ ሃንተርና ቪክ ራውስ ናቸው። አምስተኛው ጃክ ኢጋን ነጭ ነበር። የሚሲሲፒ ልጆች ከእግድ ሸሽተው ያለፉባት ናሽቪል፥ ሃንተርና ራውስ በጥቁሮች ትምህርት ቤት ተምረው ያደጉባት ከተማ ነበረች።

ሎዮላ በሀገሪቱ ካሉት ቡድኖች ሁሉ የበለጠ ነጥብ የሚያስቈጥር ፈጣን ቡድን ነበር፤ በያንዳንዱ ጨዋታ በአማካይ ከ90 ነጥብ በላይ ያገባ ነበር። በውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ቴኔሲ ቴክን 111 ለ 42 አሸንፎ ወደ ኢስት ላንሲንግ መጥቷል። ጨዋታው በቀረበ ጊዜ ግን ለሃርክነስ የመጡለት ደብዳቤዎች የደስታ አልነበሩም፤ ዘርን የሚሳደቡና የሚያስፈራሩ ነበሩ።

መጋቢት 6 ቀን ማታ በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርስቲ አዳራሽ ሁለቱ የቡድን አለቆች፥ ጎልድና ሃርክነስ፥ እንደ ልማዱ ሊጨባበጡ ወደ መካከል ወጡ። እጅ ለእጅ በተያያዙ ጊዜ የፎቶግራፍ አንሺዎች መብራት ካራቱም ማዕዘን ብልጭ አለ። ሃርክነስ ነገሩ ከኳስ ጨዋታ ያለፈ መሆኑ የገባው በዚያች ቅጽበት መሆኑን ኋላ በተደጋጋሚ ተናግሯል።

የሚሲሲፒ ስቴት አጨዋወት ዝግተኛና ጥንቁቅ ነበር። ቀድሞ እንዳልነው የጊዜ ወሰን ስላልነበረ፥ ፈጣኑን ሎዮላ ለማብረድ ኳሱን በትዕግሥት እየተቀባበሉ መልካም አጋጣሚ ይጠብቁ ነበር። ዘዴውም መጀመሪያ ሠራላቸውና 7 ለ 0 መሩ። ሎዮላ ቀስ በቀስ አገገመ፤ ግማሹ ሲያበቃ 26 ለ 19 ይመራ ነበር። በሁለተኛው ግማሽ የሚሲሲፒ ልጆች ለመድረስ ደጋግመው ሞከሩ። ሆኖም ጨዋታው ሊያበቃ ከሰባት ደቂቃ ያነሰ ሲቀረው፥ 14 ነጥብ ያገባላቸው ሊላንድ ሚቸል አምስተኛ ጥፋት ተቈጥሮበት ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ አበቃ። ሃርክነስ 20 ነጥብ አግብቶ ሎዮላ 61 ለ 51 አሸነፈ። ሎዮላ በየጨዋታው ከሚያገባው ሠላሳ ያህል ነጥብ ጐደለ ማለት ነው፤ የማካርቲ ቡድን ተሸንፎም ቢሆን የመጣበትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል። በጨዋታው ላይ የነበረውም ግፊያ የስፖርት ግፊያ ብቻ ነበር፤ ጠብ አልተነሣም፤ ስድብ አልተሰማም።

በማግሥቱ ሚሲሲፒ ስቴት ቦውሊንግ ግሪንን 65 ለ 60 አሸንፎ የአካባቢው ሦስተኛ ሆነ። ወደ ስታርክቪል በተመለሰ ጊዜ የተቀበለው ሕዝብ በደስታ ነበር። ያስፈራራ የነበረው የበጀት ቅነሳ አልመጣም፤ ፕሬዚዳንቱም ከሥራቸው አልተነሡም። ያልተጻፈው ሕግ በይፋ አልተሻረም፤ ያልተጻፈ ነገር ምኑ ይሻራል? ብቻ ከዚያ በኋላ የሚጠራው ጠፋ።

የሎዮላ ጉዞ ግን ገና ነበር። ኢሊኖይን፥ ቀጥሎም ዱክን አሸንፎ መጋቢት 14 ቀን በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከሲንሲናቲ ጋር ለዋንጫው ተሰለፈ። ሲንሲናቲ ሁለት ዓመት በተከታታይ ዋንጫውን የወሰደ፥ በመከላከል የታወቀ ቡድን ነው። በሁለተኛው ግማሽ 45 ለ 30 መራ። ያን ጊዜ መሪነቱን ለመጠበቅ ኳሱን እየያዘ ሰዓቱን መግፋት ጀመረ። ይኸው ጥንቃቄ ጐዳው፤ ሎዮላዎች እየተጫኑ ኳሱን ይነጥቁት ጀመር። የሎዮላ ውርወራ በዚያ ማታ እጅግ መጥፎ ነበር፤ ከ84 ውርወራ የገባው 23 ብቻ ነው። ሆኖም አራት ሰኮንድ ሲቀር ሃርክነስ አግብቶ 54 ለ 54 አደረገ። በተጨመረው አምስት ደቂቃ መጨረሻ ላይ ሃንተር የወረወረው ኳስ ከቀለበቱ ሲመለስ ራውስ ተቀብሎ አገባውና ሎዮላ 60 ለ 58 አሸነፈ። አርባ አምስቱን ደቂቃ የተጫወቱት ያለ አንዳች ቅያሪ እነዚያው አምስቱ ናቸው።

ይህ ሁሉ የሚሲሲፒን ኑሮ በአንድ ጊዜ ለውጦታል ብሎ የሚያስብ አድማጭ ቢኖር ተሳስቷል። በዚያው ዓመት ሰኔ 5 ቀን ሜድጋር ኤቨርስ የተባለው የጥቁሮች መብት ተከራካሪ በግዛቲቱ ዋና ከተማ በጃክሰን በመኖሪያ ቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ። በራሱ በሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርስቲም የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪ ሪቻርድ ሆልምስ የተመዘገበው በ1957 ዓ. ም. ሐምሌ ነው። ይሁን እንጂ ሆልምስ ሲገባ እንደ ኦክስፎርዱ ያለ ሁከት አልተነሣም። ለዚህ የኳሱ ጉዞ ምን ያህል እንደ ረዳ በሚዛን ለማስቀመጥ አይቻልም፤ የፕሬዚዳንቱ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን ያኔም ዶክተር ኮልቫርድ ነበሩ።

ጎልድና ሃርክነስ በእርጅናቸው ወዳጆች ሆኑ። በ2003 ዓ. ም. ጎልድ በሞተ ጊዜ ሃርክነስ ለቀብሩ ሄደ፤ ከአስከሬኑ ሣጥን አጠገብም ያ የእጅ ለእጅ ፎቶግራፍ ቆሞ አገኘው። ሃርክነስ ራሱ በ2013 ዓ. ም. ነሐሴ አረፈ። የሎዮላ ቡድን በ2005 ዓ. ም. በዋይት ሐውስ በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል።

ስለ ሚሲሲፒ ስቴት ደግሞ የቀረን አንድ ነገር ነው። ቡድኑ በ1951፥ በ1953ና በ1954 ከደጁ የመለሰውን ጥሪ በ1955 ከተቀበለ በኋላ፥ ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር እንደ ገና የተጠራው በ1983 ዓ. ም. ነበር፤ ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው።